ከመጠን ያለፈ ውፍረት፦ መንስኤዎቹ፣ የሚያስከትላቸው የጤና ችግሮችና የመከላከያ መንገዶች በምሥራቅ ደቡብ ጎንደር ወረዳዎች

ከመጠን ያለፈ ውፍረት በሰውነት ውስጥ ጤናን በሚጎዳ መጠን ስብ ሲከማች የሚከሰት የጤና ችግር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም ላይ ወደ 890 ሚሊዮን የሚጠጉ አዋቂዎች ከመጠን ያለፈ ውፍረት ነበረባቸው፤ እ.ኤ.አ. ከ1990 ወዲህም የአዋቂዎች ውፍረት ከእጥፍ በላይ ጨምሯል።

በላይ ጋይንት፣ በታች ጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ወረዳዎች ስለ ምግብ ሲነሳ አስቀድሞ የሚታሰበው እጥረት ነው። የእርሻ ማሳ ጠባብ መሆን፣ የአፈር መሸርሸርና የዝናብ መዛባት ብዙ ቤተሰቦችን ለምግብ እጥረት አጋልጧል። ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ በ1997 ዓ.ም. በተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ከታቀፉ ወረዳዎች መካከል ናቸው። በዚህ ምክንያት ውፍረት የትልልቅ ከተሞች ወይም የባለጸጎች ችግር ተደርጎ ይታያል። ሆኖም በልጅነቱ በምግብ እጥረት የተጎዳ ሰው በኋላ ሲወፍር ከሌላው ይበልጥ ለስኳርና ለደም ግፊት በሽታ ይጋለጣል። የምግብ እጥረት በኖረበት አካባቢ ውፍረትን መከላከል ተገቢ የሚሆነው ስለዚህ ነው።

የችግሩ ስፋት በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ጥናት መሠረት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች መካከል ክብደታቸው ከመጠን በላይ የሆነው በ1992 ዓ.ም. 3 በመቶ ነበሩ፤ በ2008 ዓ.ም. 8 በመቶ ደርሰዋል። በዚያው በ2008 ዓ.ም. ከሴቶች 22 በመቶ የሚሆኑት ክብደታቸው ከሚገባው በታች ነበር። በአማራ ክልል ደግሞ ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 46 በመቶ የሚሆኑት የቀነጨሩ ሲሆን፣ ይህም ከአገሪቱ ክልሎች ሁሉ ከፍተኛው ነበር። መቀንጨርና ውፍረት በአንድ አገር፣ አንዳንዴም በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ጎን ለጎን ሲገኙ ድርብ የሥነ ምግብ ችግር ይባላል።

ውፍረት እንዴት ይለካል?

ለአዋቂዎች የተለመደው መለኪያ የሰውነት ክብደትና ቁመት ንጽጽር ነው። ክብደት በኪሎ ግራም ተወስዶ፣ በሜትር የተለካው ቁመት በራሱ ተባዝቶ ለሚገኘው ቁጥር ይካፈላል። ውጤቱም እንደሚከተለው ይተረጎማል፦

- ከ18.5 በታች፦ ከሚገባው በታች የሆነ ክብደት
- ከ18.5 እስከ 24.9፦ ጤናማ ክብደት
- ከ25 እስከ 29.9፦ ከሚገባው በላይ የሆነ ክብደት
- 30 እና ከዚያ በላይ፦ ከመጠን ያለፈ ውፍረት

ለምሳሌ ቁመቷ 1.60 ሜትር የሆነች ሴት 64 ኪሎ ግራም ስትመዝን ውጤቷ 25 ይሆናል፤ 77 ኪሎ ግራም ስትደርስ ደግሞ ከ30 ያልፋል። በሆድ ዙሪያ የሚከማች ስብ፣ በተለምዶ ቦርጭ የሚባለው፣ የበለጠ አደገኛ ነው። የወገብ ዙሪያ በወንዶች ከ94፣ በሴቶች ከ80 ሴንቲ ሜትር ካለፈ ምርመራ ማድረግ ይገባል። እነዚህ መለኪያዎች ለሕፃናትና ለነፍሰ ጡር እናቶች አያገለግሉም፤ ለእነርሱ የተለየ መለኪያ አለ።

መንስኤዎቹ

*የአኗኗር ለውጥ።* በጉና ተራራ ግርጌም ሆነ በስማዳ ቆላ የሚኖር አርሶ አደር ቀኑን በእርሻ፣ በአጨዳና በረጅም የእግር ጉዞ ያሳልፋል፤ ሴቶች ውኃ ይቀዳሉ፣ እንጨት ይለቅማሉ። የሚበሉት ምግብ በሥራ ይቃጠላል። ወደ ነፋስ መውጫ፣ ወደ መካነ ኢየሱስ፣ ወደ ደብረ ታቦር፣ ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ አዲስ አበባ ሄዶ በሱቅ፣ በጥበቃ፣ በአሽከርካሪነት ወይም በቢሮ ሥራ የተሰማራ ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ ተቀምጦ ወይም ቆሞ ይውላል። ጉልበት የሚጠይቀው ሥራ ቀርቶ የምግቡ መጠን እንደነበረ ሲቀጥል ትርፉ ወደ ስብነት ይለወጣል።

*የአመጋገብ ለውጥ።* የገብስ ቆሎና በሶ፣ ባቄላ፣ ሽሮና ጎመን ቦታቸውን ለነጭ ዱቄት ዳቦ፣ ለብስኩት፣ በዘይት ለተጠበሱ ምግቦችና ለጣፋጭ መጠጦች እየለቀቁ ነው። አንድ ጠርሙስ ለስላሳ መጠጥ ብቻውን 30 ግራም ያህል ወይም ከዚያ በላይ ስኳር ሊይዝ ይችላል፤ ይህም ከስድስት የሻይ ማንኪያ በላይ ነው። የጾም ምግብም ቢሆን ዘይት ከበዛበትና ከዳቦና ከጣፋጭ ሻይ ጋር ከተዘወተረ ክብደት ይጨምራል። ቢራ፣ ጠላና አረቄም ጉልበት ሰጪ ይዘታቸው ከፍተኛ ነው።

*የልጅነት የምግብ እጥረት።* በእርግዝና ወቅትና እስከ ሁለት ዓመት ዕድሜ በቂ ምግብ ያላገኘ ሕፃን ሰውነት ባለው ጥቂት ምግብ ለመኖር ይለማመዳል። ይህ ሰው አድጎ ምግብ በበዛበትና እንቅስቃሴ ባነሰበት ኑሮ ውስጥ ሲገባ፣ የውፍረቱ መጠን ቀላል ቢሆን እንኳ ለስኳር፣ ለደም ግፊትና ለልብ በሽታ ያለው ተጋላጭነት ይጨምራል።

*ስለ ውፍረት ያለ አመለካከት።* ችግርን በሚያውቅ ማኅበረሰብ ውስጥ መወፈር የድሎት፣ መክሳት ደግሞ የችግር ወይም የበሽታ ምልክት ተደርጎ ይወሰዳል። ከከተማ የተመለሰ ሰው ሲወፍር “አማረብህ፣ ተመችቶሃል” ይባላል። አነጋገሩ የመልካም ምኞት ቢሆንም ሰውየው ክብደቱን እንዳይቆጣጠርና ምርመራ እንዳያደርግ ሊያዘናጋው ይችላል።

ከእነዚህ በተጨማሪ የዘር ተጋላጭነት፣ የእንቅልፍ እጦት፣ የሆርሞን መዛባትና አንዳንድ መድኃኒቶች ውፍረትን ያባብሳሉ። ስለዚህ ውፍረት የስንፍና ወይም የሆዳምነት ውጤት ብቻ አይደለም፤ ሰውን በውፍረቱ መስደብና ማሳፈር ከሕክምና ያርቀዋል እንጂ አይረዳውም።

የሚያስከትላቸው ችግሮች

- ዓይነት 2 የስኳር በሽታ
- የደም ግፊት፣ የልብ ሕመምና በአንጎል የደም ሥር መዘጋት ወይም መፍሰስ የሚመጣ ስትሮክ
- የጉልበትና የወገብ መገጣጠሚያ ሕመም
- አንዳንድ የካንሰር ዓይነቶች፣ በተለይም የጡት፣ የማሕፀንና የአንጀት
- በእርግዝና ወቅት የሚከሰት የደም ግፊትና የስኳር በሽታ
- በእንቅልፍ ጊዜ የአተነፋፈስ መቆራረጥ

በ2007 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ በተካሄደ ጥናት ከአዋቂዎች 16 በመቶ ያህሉ የደም ግፊት እንዳለባቸው ታውቋል። የደም ግፊትና የስኳር በሽታ ለረጅም ጊዜ ያለ ምልክት ሊቆዩ ይችላሉ። በሽታው በታወቀ ጊዜ ኩላሊት፣ ዓይን ወይም ልብ ተጎድቶ ሊሆን ይችላል። ሕክምናውም ዕድሜ ልክ የሚቀጥል በመሆኑ፣ ከተማ ያለው ሠራተኛ ሲታመም በገጠር የሚጦራቸው ወላጆቹም አብረው ይቸገራሉ።

ምን ማድረግ ይገባል?

- በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ፈጣን የእግር ጉዞ ወይም ተመጣጣኝ እንቅስቃሴ ማድረግ፤ ለአጭር መንገድ ባጃጅ ከመሳፈር በእግር መሄድ።
- ባቄላ፣ ሽምብራ፣ ምስር፣ ጎመንና ሌሎች አትክልቶችን ማዘውተር፤ ገብስንና ሌሎች እህሎችን ገለባቸው ሙሉ በሙሉ ሳይወጣ መመገብ።
- በሻይና በቡና የሚጨመረውን ስኳር ደረጃ በደረጃ መቀነስ፤ ለስላሳ መጠጥን በውኃ መተካት።
- በወጥ ላይ የሚጨመረውን ዘይት መለካት፤ የቀን የጨው መጠን ከ5 ግራም ወይም ከአንድ የሻይ ማንኪያ እንዳይበልጥ ማድረግ።
- ሕፃናትን እስከ ስድስት ወር የእናት ጡት ብቻ ማጥባት፤ ከዚያም እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ ከተመጣጠነ ተጨማሪ ምግብ ጋር መቀጠል። ይህ መቀንጨርንም ውፍረትንም ይከላከላል።

ክብደት ለመቀነስ ያለ ባለሙያ ትእዛዝ ክኒን ወይም “የሚያከሳ ሻይ” መጠቀም አደገኛ ነው። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ምግብ መቀነስ የለባትም። ክብደቱ ከሚገባው በታች የሆነ ሰው ይህ ምክር አይመለከተውም፤ ያለ ምክንያት የከሳ ሰውም በአስቸኳይ መመርመር አለበት።

መንግሥት በበኩሉ በ2007 ዓ.ም. በሰቆጣ ቃል ኪዳን እስከ 2022 ዓ.ም. የሕፃናትን መቀንጨር ለማስቀረት ቃል ገብቷል። በኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ደግሞ በለስላሳ መጠጦች ላይ ታክስ ጥሏል።

አገልግሎቱን ለማግኘት

ዕድሜው 40 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ፣ ወይም በቤተሰቡ የስኳርና የደም ግፊት ሕመም ያለበት ማንኛውም ሰው ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ክብደቱን፣ የደም ግፊቱንና የደም ስኳሩን እንዲለካ ይመከራል። የመጀመሪያ ምክር በቀበሌው ጤና ኬላ ከጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ይገኛል። ምርመራ በጤና ጣቢያ የሚሰጥ ሲሆን፣ ተጨማሪ ሕክምና የሚያስፈልገው ሰው ወደ ሆስፒታል ይላካል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባላት የታደሰ የአባልነት መታወቂያቸውን ይዘው መቅረብና የሪፈር ቅደም ተከተሉን መጠበቅ ይኖርባቸዋል።

በገጠር ያሉ ወላጆችን ለመጠየቅ ወይም ለበዓል ወደ ትውልድ ቀያቸው የሚመለሱ የከተማ ነዋሪዎች ወላጆቻቸውን ይዘው ወደ ጤና ጣቢያ ቢሄዱና አብረው ቢለኩ፣ የሁለቱንም ትውልድ የጤና ሁኔታ በአንድ ቀን ማወቅ ይቻላል።