ፀረ ብግነት ማስታገሻና የጡት ነቀርሳ

ፀረ ብግነት ማስታገሻና የጡት ነቀርሳ፣ እንደ አስፒሪንና ኢቡፕሮፌን ያሉትን መድኃኒቶች አዘውትረው የሚወስዱ ሴቶች በጡት ነቀርሳ የመያዛቸው ዕድል ይቀንስ እንደ ሆነ የሚመረመርበት የሕክምና ጥናት ርእስ ነው። አስፒሪን ጥንተ ነገሩ ከአኻያ ዛፍ ልጥ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1897 በጀርመን አገር በባየር ፋብሪካ ንጹሕ ሆኖ ከተቀመመ በኋላ የአሠራሩ ምሥጢር ሳይገለጥ ብዙ ዘመን ቆይቶ፣ በ1971 እንግሊዛዊው ሊቅ ጆን ቬን መድኃኒቱ ብግነት ቀስቃሹ ፕሮስታግላንዲን እንዳይሠራ እንደሚከለክል አስረዳ፤ ስለዚህም በ1982 የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆነ። ፕሮስታግላንዲን በጡት ውስጥ አሮማቴዝ የተባለውን ኤንዛይም ስለሚያነቃቃ፣ አሮማቴዝም ኤስትሮጅን የተባለውን ሆርሞን ስለሚያስገኝ፣ ኤስትሮጅንም ብዙዎቹን የጡት ነቀርሳዎች ስለሚያሳድግ፣ ምንጩ ቢደርቅ ደዌው ይታገዳል የሚለው ተስፋ ከዚህ ተወለደ።

በ2004 የታተመው የኒው ዮርክ ሎንግ አይላንድ ጥናት፣ አስፒሪንን ቢያንስ በሳምንት አንድ ጊዜ ለ6 ወርና ከዚያ በላይ የወሰዱት ሴቶች ዕድላቸው በ20 በመቶ ገደማ ያነሰ መሆኑን አሳየ። ሆኖም 39,876 አሜሪካውያት በዕጣ ተከፍለው ገሚሶቹ 100 ሚሊግራም አስፒሪን፣ ገሚሶቹ መድኃኒት የሌለበትን ክኒን ቀን እየዘለሉ 10 ዓመት ያህል የወሰዱበት፣ በ2005 የታተመው ምርመራ ልዩነት አላገኘም። አዘውትራ መድኃኒት የምትወስድ ሴት ከማትወስደው በኑሮዋም ልትለይ ትችላለችና፣ በዕጣ የተገኘው ምስክርነት ይበልጥ ሊታመን ይገባዋል። መድኃኒቶቹ ጨጓራን ሊያደሙ ስለሚችሉም የጡት ነቀርሳን ለመከላከል ተብለው አይታዘዙም።