ይሆናልነት፦ ስለ አንድ የሒሳብ ቃል አመጣጥ

ብሌዝ ፓስካልና ፒየር ደ ፌርማ በ1654 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው) በደብዳቤ የተወያዩበት ጥያቄ፣ ሳይፈጸም የተቋረጠ ጨዋታ መያዣ ገንዘብ ለተጫዋቾቹ እንዴት ይከፈል የሚል ነበር። ስሌቱን ያከናወኑት በድርሻና በዕጣ ቋንቋ ነው፤ ዛሬ ፕሮባብሊቲ የሚባለው ቃል ገና የሒሳብ ቃል አልሆነም ነበርና። ክርስቲያን ሁይገንስ በሆላንድኛ የጻፈው ድርሰት በ1657 መምህሩ ፍራንስ ቫን ስኾተን ወደ ላቲን መልሶ ሲያሳትመው፣ ዛሬ «የሚጠበቅ ዋጋ» ለምንለው መነሻ የሆነው ስያሜ በዚያው በላቲኑ ጽሑፍ ገባ። የሆላንድኛው ቅጂ የታተመው ከሦስት ዓመት በኋላ ስለ ሆነ፣ አውሮፓ ቃሉን የተቀበለችው ከትርጉሙ ነው።

ፕሮባብሊስ የተባለው የላቲን ቃል የወጣው ፕሮባሬ ከሚለው ግሥ ሲሆን፣ ግሡ መፈተንን፣ ፈትኖም መልካም ነው ማለትን ያመለክታል። በመካከለኛው ዘመን ፕሮባብሊስ የሚባል አሳብ የሊቃውንትን ይሁንታ ያገኘ አሳብ ነበር፤ ቍጥር አልነበረበትም። ያኮብ ቤርኑሊ በሞተ በስምንተኛው ዓመት፣ በ1713፣ በታተመው መጽሐፉ ግን ቃሉ «የእርግጠኝነት ደረጃ» ተብሎ ተፈታ፤ ይህም ደረጃ ከእርግጠኝነት የሚለየው ክፍል ከሙሉ እንደሚለይ ነው ተባለ። ከይሁንታ ወደ ክፍልፋይ የተሻገረው እንዲህ ነው።

በአማርኛ የሒሳብ መማሪያ መጻሕፍት የሚገኘው ይሆናልነት ለጆሮ ሻካራ መሆኑ አይካድም። ነት የተባለው ባዕድ መድረሻ ዘወትር የሚቀጠለው በስምና በቅጽል ላይ እንጂ በማሰሪያ አንቀጽ ላይ አይደለም። ይሁን እንጂ ከተዘረዘረ ግሥ ስም ማውጣት ለቋንቋችን እንግዳ ነገር አይደለም፤ ይሉኝታና ይሁንታ ምስክሮች ናቸው። ሁለተኛው እንዲያውም ከዚሁ ከሆነ ግሥ የወጣ መሆኑ፣ የላቲኑን ታሪክ ላነበበ ሰው ያስገርማል።

ዕድል የሚለው ቃል ለስላሳና የተለመደ ነው። ነገር ግን ዕድል ለሰው የተመደበ ነው፤ ዕድለኛ እንላለን፣ ዕድለ ቢስ እንላለን፤ ተማሪውን እንዲቈጥር አይጋብዘውም። ዕጣ ከዚህ ይሻላል። ዕቁብ ሲወጣ ያየ ልጅ፣ በ12 ዕቁብተኞች መካከል የመጀመሪያው ዕጣ ለእያንዳንዱ 1/12 መሆኑን ለመረዳት ብዙ ቃል አያስፈልገውም። የዕጣ ጕድለቱ እኩል ለሆኑ ነገሮች ብቻ መስማማቱ ነው። ዳላምቤር እንኳ በ1754 በፈረንሳዩ ኢንሳይክሎፔዲያ የተሳሳተው በዚህ ነው። ሳንቲም ሁለት ጊዜ ሲወረወር ቢያንስ አንድ ጊዜ የፊት ገጽ የመውጣቱ ነገር ስንት ነው? በመጀመሪያው ከወጣ ሁለተኛው ውርወራ አያስፈልግም፤ ስለዚህ ያሉት አጋጣሚዎች ሦስት ናቸው፣ መልሱም 2/3 ነው አለ። ትክክለኛው መልስ 3/4 ነው። ከሦስቱ የመጀመሪያው ብቻውን ግማሹን ሲይዝ፣ የቀሩት ሁለቱ ሩብ ሩብ ነው የሚደርሳቸው፤ እርሱ ግን እንደ እኩል ዕጣ ቈጠራቸው።

ስለዚህ በመጀመሪያው ትምህርት ዕጣ ቢነገር፣ ውጤቶቹ እኩል መሆናቸው ሲቀር ደግሞ ይሆናልነት ቢገባ መልካም ይመስለኛል። «የማይሆን ነገር ይሆናልነት 0 ነው» የሚለው ዐረፍተ ነገር ራሱን የሚቃረን ቢመስልም፣ «ርቀቱ 0 ነው» ከማለት የባሰ አይደለም። በመዝገበ ቃላት ግን ዕድል የይሆናልነት ተመሳሳይ ተብሎ ሊሰፍር አይገባውም።