ቧንቧ ከመንግሥት ዕድሜ ይረዝማል፦ ከአውሮፓ የጋዝ መስመር ታሪክ ምን እንማራለን?



በጀርመን የምትኖሩ ወገኖቻችን የ2022ን የብርድ ወራት የምትረሱት አይመስለኝም። በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ማሞቂያ ከ19 ዲግሪ እንዳያልፍ ታዘዘ፤ የጋዝ ሒሳብ ናረ። ያን ጊዜ የሁሉም ጣት የተቀሰረው በዩክሬኑ ጦርነት ላይ ነበር። ጦርነቱ ምክንያት መሆኑ አይካድም። ጀርመንን ለዚያ ቀን ያጋለጣት መንገድ ግን የተጀመረው ከግማሽ ምዕተ ዓመት በፊት ነው። ዛሬ የማወጋችሁ ስለዚሁ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በፌብሩዋሪ 1970 ምዕራብ ጀርመንና ሶቭየት ኅብረት ኤሰን ከተማ ላይ ውል ተፈራረሙ። ጀርመኖች የብረት ቧንቧ ያቀርባሉ፣ ባንኮቻቸው ያበድራሉ፣ ሶቭየቶች ደግሞ በጋዝ ይከፍላሉ። ጋዙ በ1973 መፍሰስ ጀመረ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከሳይቤሪያ ሌላ ግዙፍ መስመር ሲዘረጋ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሬገን ማዕቀብ ጣሉ፤ የአውሮፓ መንግሥታት ግን አሻፈረን አሉ። በ1982 ማዕቀቡ ተነሣ። ከዚያ ወዲህ ስንት መራሔ መንግሥት ተቀያየረ! ሶቭየት ኅብረት ራሷ ፈረሰች። ቧንቧው ግን እዚያው መሬት ውስጥ ነበር።

የመጀመሪያው ከባድ ማስጠንቀቂያ የመጣው በጃንዩዋሪ 2009 ነው። ሩሲያና ዩክሬን ተጣልተው በዩክሬን በኩል የሚያልፈው ጋዝ ለሁለት ሳምንት ያህል ተቋረጠ። ቡልጋሪያና ስሎቫኪያ ክፉኛ ተጎዱ። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ በምዕራብ አውሮፓ ጋዝ ነበረ። መስመሮቹና ጋዙን የሚገፉት ጣቢያዎች የተሠሩት ግን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ብቻ እንዲያስተላልፉ ነው። ጋዝ ሳይጠፋ መንገድ ጠፋ።

በዚያው ዓመት የአውሮፓ ኅብረት አዲስ ሕግ አወጣ። የጋዝ አስተላላፊ ድርጅቶች በአንድ ማኅበር ተሰባስበው በየሁለት ዓመቱ የአሥር ዓመት የመስመር ልማት ዕቅድ እንዲያወጡ ተደረገ። በ2010 ደግሞ አንድ መስፈርት ተጨመረ፦ የአንድ አገር ትልቁ የጋዝ መግቢያ ቢዘጋ፣ የቀሩት እጅግ ብርዳማ በሆነ ቀን የሚፈለገውን ጋዝ መሸፈን ይችላሉ ወይ? ግሩም ጥያቄ ነው። አበው መጥኖ መደቆስ የሚሉት ይህንኑ ነው።

ታዲያ ጀርመን ለምን ተያዘች? መስፈርቱ የቧንቧ ቁጥርና አቅም ይለካል እንጂ ከቧንቧው ጀርባ ማን እንዳለ አይጠይቅም። በ2011 በባልቲክ ባሕር ሥር የተከፈተው ኖርድ ስትሪም በዓመት 55 ቢሊዮን ኪዩቢክ ሜትር ጋዝ ማስተላለፍ ይችል ነበር። በስሌቱ አንድ ተጨማሪ መግቢያ ነው። ዋናው ባለድርሻ ግን ያው የድሮው ሻጭ ነው። የአገሪቱ ትልቁ የጋዝ ማከማቻ፣ ሬደን፣ ሳይቀር በዚያው ሻጭ እጅ ነበር። በ2021 ጀርመን ከምትገዛው ጋዝ ከግማሽ በላዩ ከሩሲያ ይመጣ ነበር። መንገዱ ብዙ፣ በረኛው አንድ!

ከሦስት ሚሊዮን ያነሰ ሕዝብ ያላት ሊትዌኒያ ያደረገችውን ደግሞ እዩ። እሷም ጋዝ የምታገኘው ከሩሲያ ብቻ ነበር። በ2014 በቅዝቃዜ ፈሳሽ የተደረገ ጋዝ ተቀብላ መልሳ ወደ ጋዝነት የምትቀይር መርከብ ተከራይታ ክላይፔዳ ወደብ ላይ አቆመች። ስሟንም «ነፃነት» አለቻት። ውድ ናት ተብሎ ብዙ ተተችቷል። ነገር ግን ገና መርከቧ ሳትደርስ ጋዝፕሮም ዋጋ ቀነሰ። በኤፕሪል 2022 ሊትዌኒያ የሩሲያን ጋዝ መግዛት ስታቆም፣ ጀርመን አንድም እንዲህ ያለ መቀበያ አልነበራትም፤ የመጀመሪያውን በጥድፊያ የከፈተችው በዲሴምበር ነው።

ይህ ለእኛ ምናችን ነው? የሚል አይጠፋም። በኦጋዴን የካሉብ ጋዝ የተገኘው በ1970ዎቹ መጀመሪያ ነው። በ2019 ኢትዮጵያና ጅቡቲ 767 ኪሎ ሜትር ቧንቧ ለመዘርጋት ተፈራረሙ። በ2022 የቻይናው ኩባንያ ፈቃድ ተሰረዘ፤ ወደ ጅቡቲ ይዘረጋል የተባለውም ቧንቧ ሳይዘረጋ ቀረ። ይህ መዘግየት በጎ ጎን ካለው፣ ለመጠየቅ ጊዜ መስጠቱ ነው። አንድ ኩባንያ፣ አንድ መስመር፣ አንድ ወደብ ብቻ ይዘን ከአንዱ ጋር ብንጣላ ምን እንሆናለን? ገዢው ፊቱን ቢያዞር ዕዳውን ማን ይከፍላል? ጋዙ ከሥሩ የሚወጣበት የሶማሌ ክልል ሕዝብስ ድርሻው ምንድን ነው? ዕቅዱ ለሕዝብ ይፋ ሆኖ ይመረመራል ወይስ በፊርማ ሥነ ሥርዓት ላይ በቴሌቪዥን እናየዋለን?

የሪባን መቁረጫ ቀን ሁሉም ዕቅድ ያማረ ነው። የሚመዘነው በክፉ ቀን ነው። ቧንቧ የሚዘረጋው ባለሥልጣን ከወንበሩ ይነሣል፤ ሒሳቡን የሚከፍሉት ግን ያኔ ያልተወለዱ ልጆች ናቸው። ስለዚህ መሪዎቻችን ቀጣዩን ውል ሲፈርሙ «መቼ ይመረቃል?» ከማለታችን በፊት «በሩ ቢዘጋስ?» ብለን እንጠይቅ።