ንጉሥ ኢዛና ስለ ምን አመነ?

የአኵስሙ ንጉሥ ኢዛና አስቀድሞ በድንጋይ ባስቀረጸው ጽሑፍ ድል የሰጠው ማሕረም የተባለው ጣዖት መሆኑን ይናገራል፤ በኋለኛው ጽሑፉ ግን ስለ ድሉ የሚያመሰግነው የሰማይን ጌታ ነው። በገንዘቡም ላይ የጨረቃው ምልክት ቀርቶ መስቀል ተተካ።

ከዚህ ተነሥተው አንዳንድ ሊቃውንት ንጉሡ ክርስትናን የተቀበለው ለሮም ንግድና ወዳጅነት ሲል ነው ይላሉ። ነገሩ መሠረት የለውም አይባልም፤ በወርቅ ገንዘቡ ላይ ያለው የጽርእ ጽሕፈት ለባሕር ማዶ ነጋዴ እንጂ ለአኵስም ገበሬ የተጻፈ አይመስልም።

ዳሩ ግን በ356 ዓ.ም. ገደማ፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፥ የቆስጠንጢኖስ ልጅ ቄሣር ቆንስታንትዮስ ለኢዛናና ለወንድሙ ለሳይዛና ደብዳቤ ላከ። ደብዳቤው አትናቴዎስ የሾመው ጳጳስ ፍሬምናጦስ ወደ እስክንድርያ ተመልሶ፥ የአርዮስ ወገን በሆነው በጊዮርጊስ ፊት ሃይማኖቱ እንዲመረመር የሚጠይቅ ነበር። ለወዳጅነት ብሎ ላመነ ንጉሥ ከዚህ የቀለለ ዋጋ ከወዴት ይገኛል?

ፍሬምናጦስ ግን ለቤተ መንግሥቱ እንግዳ መምህር አልነበረም። ሩፊኖስ እንደሚተርከው፥ በልጅነቱ ተማርኮ ገብቶ፥ ንጉሡ በሞተ ጊዜ በንግሥቲቱ ልመና አልጋ ወራሹ እስኪያድግ ድረስ በመንግሥቱ አስተዳደር የረዳ ሰው ነው። ቄሣሩ ይህን አላሰበው ይሆናል። ኢዛና ጳጳሱን እንደ ላከ የሚመሰክር ጽሑፍ እስከ ዛሬ አልተገኘም።