ቺፑ ከመሠራቱ በፊት

ኮልፌ ላይ ታክሲ እየጠበቃችሁ የምትነካኩት ስልክ ውስጥ በቢሊዮን የሚቆጠሩ ትራንዚስተሮች አሉ። እስቲ አስቡት፤ ሁሉም በሙከራ ብቻ ቢሠሩ ኖሮ ስንት ገንዘብና ስንት ወር ይፈጅ ነበር?

ሒሳቡማ ቀድሞም ነበር። በቤል ላብራቶሪ ይሠራ የነበረው ቫን ሩስብሩክ በ1950 (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ሦስት እኩልዮሾችን ጽፏል። ጣጣው መፍታቱ ላይ ነው። ትራንዚስተር ውስጥ የኤሌክትሮኖች ብዛት ከአንድ ማይክሮሜትር ባነሰ ርቀት በቢሊዮን እጥፍ ሊለዋወጥ ይችላል፤ ተራው የስሌት ዘዴ እዚያ ጋ ይበላሻል። በ1969 ሻርፌተርና ጉመል ብልሃቱን አገኙለት።

ዚግፍሪድ ሴልበርሄር የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በ1955 ኦስትሪያ ተወለደ፤ በቪየና የቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ የኤሌክትሪክ ምህንድስና ተማረ። ዶክትሬቱን ሳይጨርስ፣ በ1980፣ ከባልደረቦቹ ጋር ሚኒሞስ የተባለውን ፕሮግራም ይፋ አደረገ። ፕሮግራሙ የትራንዚስተሩን ገጽ በመረብ ይከፋፍልና በየቋጠሮው ቮልቴጁንና የኤሌክትሮኑን ብዛት ያሰላል። እኔን የሚገርመኝ ይህ ከቺፕ ኩባንያ ሳይሆን ከዩኒቨርሲቲ መውጣቱ ነው። በ1984 የዘርፉን መጽሐፍ ጻፈ፤ በ1988 የማይክሮኤሌክትሮኒክስ ተቋሙ ኃላፊ ሆነ።

እኛ ጋ የቺፕ ፋብሪካ የለም። ሦስቱ እኩልዮሾች ግን ኮልፌ ባለ ተራ ላፕቶፕም ይፈታሉ፤ ያውም ሚኒሞስ ከተወለደበት ኮምፒውተር በብዙ እጥፍ ፍጥነት።