ከድንጋይ ማተሚያ ወደ ዲጂታል ማተሚያ፤ የኅትመት ለውጥ ከሐዲያና ከከምባታ አገር ሲታይ

የኅትመት ታሪክ በአገራችን ሲጻፍ፥ ብዙውን ጊዜ ትረካው የሚነሣው ማተሚያው ከቆመበት ስፍራ ነው። ምጽዋ፥ ሐረር፥ አዲስ አበባ እየተባለ የመኪናው ዐይነትና የገባበት ዘመን ይቈጠራል። የታተመው ወረቀት ስለሚደርስበት ስፍራ ግን የሚነገረው ጥቂት ነው። ይህ ጽሑፍ ነገሩን ከወዲያኛው ጫፍ፥ ይኸውም በሐዲያ ዞን የአንሌሞ ወረዳ መቀመጫ እንደ ሆነችው እንደ ፎንቆ ካለች ከተማ አንጻር ለመመርመር ታስቦ የተዘጋጀ ነው። የምንጠይቀውም እንዲህ ነው፦ የማተሚያው ዘዴ ከእርሳስ ፊደል ወደ ኦፍሴት፥ ከኦፍሴትም ወደ ዲጂታል ሲለወጥ፥ ቋንቋው በሰፊው ላልታተመለት ሕዝብ ምን ተጨመረለት? ለታሪክ ጸሓፊውስ ምን ተወሰደበት? በዚህ ጽሑፍ «ዓ.ም.» የተባለው በኢትዮጵያ፥ «እ.ኤ.አ.» የተባለው በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።

የግእዝ ፊደል በማተሚያ የታየው በቅድሚያ በባዕድ አገር ነው። በ1513 እ.ኤ.አ. ዮሐንስ ፖትከን የተባለ ጀርመናዊ ካህን በሮም ከነበሩት ኢትዮጵያውያን መነኰሳት ተምሮ መዝሙረ ዳዊትን በዚያው ከተማ አሳተመ። በዚያ ዘመን በኢትዮጵያ ለሕፃኑ ንጉሥ ለልብነ ድንግል ሞግዚት ሆና መንግሥቱን ትመራ የነበረችው ንግሥት እሌኒ የሐዲያ ገራድ ልጅ ነበረች። ልብነ ድንግልም ካደገ በኋላ በ1520ዎቹ እ.ኤ.አ. ለፖርቱጋል ንጉሥ በላከው ደብዳቤ ከጠየቃቸው የእጅ ጥበብ ሰዎች መካከል መጽሐፍ አታሚዎች ይገኙባቸዋል። ስለዚህ የማተም ጥበብ በቤተ መንግሥቱ ዘንድ የታወቀና የተፈለገ ነገር ነበር ማለት ነው። ይሁን እንጂ ማተሚያ በምጽዋ እስከ ተተከለበት እስከ 1863 እ.ኤ.አ. ድረስ ከሦስት መቶ ዓመት በላይ አለፈ። በዚህ ሁሉ ጊዜ መጽሐፍ የሚባዛው በብራናና በቀለም፥ በቁም ጸሓፊው እጅ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነው በየጊዜው የተነገረ ስለ ሆነ በአጭሩ እንለፈው። የስዊድን ሚሲዮን ማተሚያ በምጽዋ አጠገብ በእምኩሉ ቆሞ በ1893 እ.ኤ.አ. የአናሲሞስ ነሲብን የኦሮምኛ ሐዲስ ኪዳን በግእዝ ፊደል አወጣ። በአዲስ አበባም «አእምሮ» ጋዜጣ በመጀመሪያ በእጅ እየተጻፈ በ24 ቅጂ ይሠራጭ እንደ ነበር ይተረካል። ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ በስሙ የተጠራውም ጋዜጣ በታኅሣሥ ወር 1917 ዓ.ም. መታተም ጀመረ። ከእነዚህ መካከል ለዚህ ጥናት ይልቁንም የሚጠቅመን የእምኩሉ ሥራ ነው፤ ሐዲይኛና ከምባትኛ ከኦሮምኛ ጋር ከኩሽ ቤተሰብ የሚመደቡ ቋንቋዎች ናቸውና፥ ፊደሉ ከሴማዊው ቤት ወጥቶ የኩሽ ቋንቋን ለማተም እንዲያገለግል ከተሞከረባቸው ስፍራዎች አንዱ ይህ ነው።

የእርሳስ ፊደል ዘመን ለግእዝ ጽሕፈት ከባድ ዘመን ነበር። የላቲን ፊደል ለቃሚ ትልቁንና ትንሹን 52 ፊደላት፥ ከእነርሱም ጋር አኀዝና ነጥቦችን ይዞ ይሠራል። የእኛ ለቃሚ ግን 33ቱ ፊደላት በሰባት ሰባት መልክ ስለሚጻፉ በ231 ቅርጽ ይጀምራል፤ ዲቃሎቹ፥ አኀዙና ነጥቦቹ ሲጨመሩ ቍጥሩ እጅግ ይበዛል። ለእያንዳንዱ ቅርጽ ደግሞ በልዩ ልዩ መጠን ብዙ ፍሬ ፊደል መፍሰስ ነበረበት። ስለዚህ አንድ ቋንቋ በአማርኛ የሌለ አንድ ድምፅ ቢኖረው፥ ለዚያ ድምፅ የሚሆነውን ምልክት ከነሰባት መልኩ አስቀርጾ ማስፈሰስ ግድ ነው። ይህን ወጪ ለጥቂት መቶ አንባቢ የሚሸከም ማተሚያ ቤት አይገኝም።

የድንጋይ ማተሚያ፥ ማለትም ሊቶግራፊ፥ በሌላ መንገድ የመጣ ጥበብ ነው። በባቫርያ የነበረው አሎይስ ዜኔፌልደር በ1796 እ.ኤ.አ. ገደማ ያገኘው ይህ ዘዴ ስብና ውሃ አይዋደዱም በሚለው ቀላል እውነት ላይ የቆመ ነው። በለሰለሰ የኖራ ድንጋይ ላይ በቅባታም ቀለም ይጻፋል፤ ድንጋዩ በውሃ ሲርስ ያልተጻፈበት ክፍል ውሃውን ይይዛል፤ የማተሚያው ቀለም ሲዳመጥበት ከውሃው ሸሽቶ በጽሕፈቱ ላይ ብቻ ያርፋል። በኋላ ድንጋዩ በስስ የብረት ሰሌዳ ተተካ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያም ምስሉ ከሰሌዳው ጎማ ወደ ለበሰ ሲሊንደር፥ ከጎማውም ወደ ወረቀት እንዲተላለፍ ተደረገ። ኦፍሴት የሚባለው ይህ ነው።

ኦፍሴት ለግእዝ ፊደል ያመጣው ጥቅም ትልቅ ነው። ሰሌዳው የሚዘጋጀው ከፎቶግራፍ ስለ ሆነ፥ ጽሑፉ በምን እንደ ተጻፈ አይጠይቅም። በታይፕ የተመታ፥ በብዕር የተጻፈ፥ በሥዕል የታጀበ ገጽ ሁሉ እኩል ይታተማል። አዲስ ምልክት የሚያስፈልገው ቋንቋ ቢኖር ምልክቱን በእጅ መጨመር ይበቃል። የእርሳሱ እስር በዚህ ተፈታ። ሌላ እስር ግን ቀረ፤ እርሱም የብዛት እስር ነው።

ይህን በቍጥር ብናየው ይበልጥ ይገለጣል። ለምሳሌ ያህል እናስብ፦ ለአንድ ትንሽ መጽሐፍ ፊልሙን፥ ሰሌዳውንና የመኪናውን መሰናዶ ለማዘጋጀት 6000 ብር፥ ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ቅጂ 2 ብር ቢያስፈልግ፥ 100 ቅጂ ያሳተመ ሰው አንዱን በ62 ብር ያገኘዋል። 5000 ያሳተመ ግን በ3 ብር ከ20 ሳንቲም ያገኘዋል። መሰናዶ የማያስፈልገው ሌላ ማተሚያ ቢኖርና እያንዳንዱን ቅጂ በ8 ብር ቢያትም፥ ሁለቱ የሚተካከሉት በ1000 ቅጂ ላይ ነው። ከዚያ በታች ሁለተኛው፥ ከዚያ በላይ ኦፍሴቱ ይረክሳል። እንግዲህ በኦፍሴት ዘመን መጽሐፍ እንዲታተም ወይ ብዙ አንባቢ፥ ወይ ወጪውን የሚችል መንግሥት ወይም ሚሲዮን ያስፈልግ ነበር።

በሐዲያና በከምባታ አገር የሆነውም ይህን ያረጋግጣል። ሐዲይኛና ከምባትኛ በመንግሥት ኀይል በብዛት ለኅትመት የበቁት በ1971 ዓ.ም. ከተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጋር ነው። ዘመቻው ትምህርቱን ያስፋፋው በ15 ቋንቋዎች ሲሆን፥ ሁለቱም ከእነዚህ መካከል ነበሩ፤ ሁሉም የተጻፉት በግእዝ ፊደል ነበር። ብዛቱን መንግሥት ስላረጋገጠው የማተሚያው ሒሳብ ተስተካከለ። ዘመቻው ሲያበቃ ግን ብዛቱም አብሮ ቀረ። በዚያን ጊዜ በየትምህርት ቤቱና በየጽሕፈት ቤቱ ለጥቂት ቅጂ የሚያገለግለው በስቴንስል የሚሠራው ማባዣ ነበር፤ ይህም የሚያወጣው ወረቀት ደብዛዛና ቶሎ የሚጠፋ ነው።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ሁለቱም ቋንቋዎች ወደ ላቲን ፊደል ተሻገሩ። ለዚህ የሚቀርበው የቋንቋ ምክንያት የታወቀ ነው፦ በሐዲይኛና በከምባትኛ የአናባቢ መርዘምና የተናባቢ መጥበቅ ትርጉም ይለያሉ፤ የግእዝ ፊደል ግን በተለመደው አጻጻፉ ሁለቱንም አያሳይም። እኛ አማርኛ አንባቢዎች «አለ» የሚለው ቃል ሲላላ «ተናገረ»፥ ሲጠብቅ «ይገኛል» ማለት መሆኑን ከዐረፍተ ነገሩ እንረዳለን፤ አዲስ አንባቢ ግን ይህ ያውከዋል። በላቲን ፊደሉን ደግሞ በመጻፍ ልዩነቱ ይታያል። የፖለቲካውም ምክንያት ከዚህ ጋር ይነሣል። ነገር ግን ከሁለቱ ጎን አንድ ሦስተኛ ነገር ሊመዘን ይገባዋል። ውሳኔው በተሰጠበት ወራት ማተሚያው ወደ ኮምፒዩተር በመዞር ላይ ነበር፤ የግእዝ ፊደል ደግሞ በኮምፒዩተር ውስጥ የጋራ ሥርዐት አልነበረውም። አንዱ ፕሮግራም የጻፈውን ሌላው አያነብም ነበር። ላቲን ግን ከየትም በመጣ መኪና ወዲያው ይሠራል። ግእዝ በዩኒኮድ ሥርዐት ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ሲሆን፥ ለሰባት ቤት ጉራጌ የሚያስፈልጉ ተጨማሪ ምልክቶች በ2005 እ.ኤ.አ. ተጨመሩ። ማተሚያው የፊደሉን ምርጫ ወሰነው አንልም፤ ነገር ግን ከቀረቡት ምርጫዎች አንደኛውን አቅልሎ ሌላውን እንዳከበደ መካድ አይቻልም። ይህ ሥርዐት ዐሥር ዓመት ቀድሞ ቢመጣ ኖሮ ክርክሩ በቋንቋው ጠባይ ላይ ብቻ በቆመ ነበር።

ዲጂታል ማተሚያ የብዛቱን እስር ፈታ። ኢንዲጎና ዛይኮን የተባሉት ባለቀለም ዲጂታል ማተሚያዎች በ1993 እ.ኤ.አ. ለገበያ ከቀረቡ ወዲህ፥ ፊልምም ሰሌዳም ሳያስፈልግ ጽሑፉ ከኮምፒዩተር በቀጥታ ወደ ወረቀት መሻገር ጀመረ። የመጀመሪያው ቅጂና መቶኛው ቅጂ ዋጋቸው አንድ ነው፤ ቢፈለግም እያንዳንዱ ቅጂ ከሌላው ሊለይ ይችላል። ለወረዳ ከተማ የሚስማማውም ይህ ነው። የዕድር መተዳደሪያ ደንብ፥ የሠርግ ጥሪ፥ የሙት ዓመት መታሰቢያ፥ የትምህርት ቤት ፈተና፥ የአንድ ጎሣ የትውልድ ሐረግ፥ እነዚህ ሁሉ ከሺህ ቅጂ በታች የሚፈለጉ ናቸው። በኦፍሴት ሒሳብ የማይታሰብ የነበረው የሐዲይኛ ተረትና ምሳሌ ስብስብ ዛሬ በ50 ቅጂ ሊወጣ ይችላል። ኦፍሴትም አልሞተም፤ ብዛት የሚያስፈልገው የመማሪያ መጽሐፍ ዛሬም የእርሱ ድርሻ ነው።

እንዲህ ሲታይ ዲጂታል ማተሚያ ወደ ቁም ጸሓፊው ሥርዐት የተመለሰ ይመስላል። ብራና የሚጻፈው አንድ ባለቤት ሲያዝ፥ ለዚያ ባለቤት፥ በአንድ ቅጂ ነበር። ልዩነቱ ግን በዚህ ላይ ነው፦ የብራና ጸሓፊ ብዙ ጊዜ በመጽሐፉ መጨረሻ ያስጻፈውን ሰው፥ የራሱን ስምና በማን ዘመነ መንግሥት እንደ ጻፈ ያሰፍር ነበር። የእርሳሱና የኦፍሴቱ ማተሚያ ቤትም ስሙንና ዘመኑን በመጽሐፉ ላይ ማተምን ልማድ አድርጎት ቆይቷል። በየመንገዱ ዳር ባለ ኮምፒዩተር ቤት የታተመ ወረቀት ግን ብዙ ጊዜ ዘመንም፥ ስፍራም፥ አታሚም የለውም። ደራሲው ዛሬ 20 ቅጂ ያሳትማል፤ በሚቀጥለው ወር ሁለት ገጽ ለውጦ ሌላ 20 ይጨምራል። ሁለቱም በአንድ ርእስ ይጠራሉ። የትኛው ቀደመ፥ ምን ተለወጠ ብሎ ለሚጠይቅ ተመራማሪ መልስ የሚሰጥ ነገር አይገኝም።

ይህ ለሐዲያና ለከምባታ ጥናት ቀላል ጉዳት አይደለም። የእነዚህ ሕዝቦች ታሪክ አብዛኛው በቃል የተጠበቀ ነው፤ ኡልሪክ ብራውኬምፐር በ1980 እ.ኤ.አ. በጀርመንኛ ያወጣው የሐዲያ ታሪክም በእጅጉ የተመሠረተው ከሽማግሌዎች በተሰበሰበ የቃል ትውፊት ላይ ነው። አሁን ይህ ትውፊት በባለቤቶቹ እጅ ወደ ወረቀት በመግባት ላይ ሲሆን፥ የገባበት ዘመንና መልክ ካልታወቀ ከቃሉ ይልቅ ወረቀቱ አጠራጣሪ ይሆናል። ቃል ነጋሪ አለው፤ ነጋሪውም ከማን እንደ ሰማ ይጠየቃል። ዘመን የሌለው ወረቀት ግን ማንን ይጠይቁታል?

ስለዚህ ሦስት ተግባር ከፊታችን አለ። አንደኛው፥ ቢያንስ በክልሉ የሚገኙ የትምህርት ተቋማት፥ ከእነርሱም በሆሳዕና ያለው ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ፥ ከ1971 ዓ.ም. ጀምሮ በግእዝ ፊደል የታተሙትን የሐዲይኛና የከምባትኛ የንባብ መጻሕፍት ከየግለሰቡ ቤት ቢሰበስቡ ነው፤ ማባዛቱ ዛሬ በ10 ቅጂም ይቻላል። ሁለተኛው፥ በእርሳስ ፊደል ለቀማና በሰሌዳ ዝግጅት የኖሩ ሠራተኞች በሕይወት ሳሉ ሙያቸውና የሙያቸው ቃላት ቢመዘገቡ ነው። ሦስተኛው ከሁሉ የሚቀልና ከሁሉ የተዘነጋው ነው፤ በፎንቆም ሆነ በሆሳዕና፥ በዱራሜም ሆነ በአዲስ አበባ፥ ጥቂት ቅጂ የሚያሳትም ሁሉ በመጨረሻው ገጽ ስሙን፥ ስፍራውን፥ ቀኑንና ስንተኛ ዕትም መሆኑን ይጻፍ፤ አንድ ቅጂም ለአገሩ ቤተ መጻሕፍት ይስጥ። የብራና ጸሓፊዎቻችን ያለ መኪና የፈጸሙትን ሥርዐት፥ መኪና ያለው ትውልድ ሊያጓድለው አይገባም።