የፎቶግራፍ መኪና አዳሹ ሰው መታሰቢያ



የትምህርት ቤታችን በዓል በሚከበርበት በዚህ ዓመት እኛ የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ለመጽሔቱ አንድ የታሪክ ጽሑፍ እንድናቀርብ በታዘዝን ጊዜ፣ በመጀመሪያ ያሰብነው ስለ ነገሥታትና ስለ ጦርነት ለመጻፍ ነበር። ነገር ግን አንድ ትንሽ ነገር አሳባችንን ለወጠው። ነገሩም እንደሚከተለው ነው።

የክፍላችንን ፎቶግራፍ እንደ ድሮው በፊልም ለማንሣት ስለፈለግን፣ አንዱ ጓደኛችን ከአያቱ የቀረችውን የፎቶግራፍ መኪና ከቤቱ አመጣ። የቆዳ ማኅደሯ ተልጧል፤ መኪናይቱ ግን ከውጭ ሲያዩዋት ምንም ጉድለት ያለባት አትመስልም ነበር። ቁልፏን ስንጫነው ግን አልንቀሳቀስም አለች። ከመካከላችን «በስልካችን እናንሣና ይብቃን» ያሉ ነበሩ። የቀረነው ግን መኪናይቱን ይዘን በደብረ ማርቆስ ገበያ ያሉትን ሰዓት አዳሾች አንድ በአንድ ጠየቅን። ሁለቱ ገና ሳይነኳት መለሱልን። ሦስተኛው ሽማግሌ ግን ተቀብለው አገላብጠው ካዩዋት በኋላ፣ «ልጆቼ፣ ይህን የሚያውቅ አንድ ሰው ነበር፤ እሱም ሞተ። ያወቀውን ለማንም አላስተማረም፤ አስተምረኝ ብሎ የጠየቀውም አልነበረም» አሉን።

ይህ ቃል በልባችን ቀረ። የሞተውን ሰው እኛ አናውቀውም፤ በሕይወቱም ሳለ አላየነውም። ሆኖም በየቤታችን ግድግዳ ላይ ከተሰቀሉት የአባቶቻችንና የእናቶቻችን ፎቶግራፎች መካከል፣ እጁ ያደሰው መኪና ያነሣው ስንቱ ይሆን? ፎቶግራፍ የተነሣውን ሰው ሁሉም ያውቀዋል፤ ያነሣውንም ጥቂት ሰዎች ያስታውሱታል። መኪናውን ያደሰውን ግን ማን ያስታውሰዋል? ስለዚህ በዚህች አጭር ጽሑፍ ፎቶግራፍ ወደ አገራችን እንዴት እንደመጣና አዳሾች ለታሪክ ያበረከቱትን አገልግሎት በመጠኑ ለመግለጽ እንወዳለን።

ፎቶግራፍ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመነ መንግሥት ነው። በአገራችን ፎቶግራፍ ካነሡት ከመጀመሪያዎቹ ሰዎች አንዱ ሄንሪ ስተርን የተባለው የሚሲዮን ሰው ነበር። እሱም ኋላ ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ተጣልቶ ብዙ ዘመን በእስራት የኖረው ነው። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ በዘመተ ጊዜ ደግሞ፣ ከመሐንዲሶቹ ጋር ፎቶግራፍ የሚያነሡ ወታደሮች አብረው መጥተው ነበር። በዚያው ዘመን ወደ እንግሊዝ አገር የተወሰደውን ልጅ ዓለማየሁ ቴዎድሮስን ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን የተባለችው ስመ ጥር ሴት ፎቶግራፍ አንሥታዋለች። ያን የሚያሳዝን የሕፃን ፊት እስከ ዛሬ ልናየው የቻልነው በዚህ ምክንያት ነው።

በዐፄ ምኒልክ ዘመን ፎቶግራፍ በቤተ መንግሥት ሥር ሰደደ። ቤድሮስ ቦያጅያን የተባሉ አርመናዊ ወደ አዲስ አበባ መጥተው የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ ሆኑ። እሳቸው ካለፉ በኋላም ሙያው ከቤታቸው አልወጣም፤ ቶኒ እየተባሉ የሚጠሩት ልጃቸው ቶርኮም ቦያጅያን የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ፎቶግራፍ አንሺ ለመሆን በቅተዋል። እስቲ አንባቢ ያስተውል። በዚያን ጊዜ የመኪናው ፋብሪካ ያለው በባሕር ማዶ ነው፤ ዕቃ የሚመላለሰው በመርከብና በቅሎ ነው። የመዝጊያው ሞላ ቢሰበር ወይም የመስተዋቱ ማቀፊያ ቢላቀቅ፣ ንጉሡን «መኪናው ከአውሮፓ እስኪመለስ ይቆዩ» ማለት አይቻልም። እንግዲህ የዚያ ዘመን ፎቶግራፍ አንሺ ቢያንስ ግማሽ አዳሽ መሆን ግድ ሳይሆንበት እንዳልቀረ መገመት አያዳግትም።

ወደ ጎጃምም ስንመጣ፣ በ1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከስደት ሲመለሱ የመጡት በኛው አገር በኩል እንደነበረ ሁሉም ያውቃል። ጥር 12 ቀን በኦሜድላ የኢትዮጵያን ምድር ረግጠው፣ በጎጃም አቋርጠው፣ በደብረ ማርቆስ አልፈው፣ ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ገቡ። የደምበጫ ምሽግ ከጠላት እጅ ከወጣ በኋላ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከብርጋዴር ሳንፎርድና ከኮሎኔል ዊንጌት ጋር በምሽጉ ውስጥ ሆነው የተነሡት ፎቶግራፍ እስከ ዛሬ በለንደን የጦርነት ሙዚየም ይገኛል። ደምበጫን ያየን ሁሉ ይህን ፎቶግራፍ ስናይ ታሪክ በሩቅ አገር ብቻ የሚሠራ አለመሆኑን እንረዳለን። ሆኖም በዚያን ጊዜ ፎቶግራፉን ያነሣው መኪና እንደኛይቱ አልንቀሳቀስም ብሎ ቢሆን ኖሮ፣ ዛሬ የምናየው ነገር ባልኖረም ነበር።

አሁን መኪናይቱ ለምን እንደምትታመም በአጭሩ እናስረዳ። የፎቶግራፍ መኪና ከሰው ዓይን ጋር ትመሳሰላለች። ከፊት ብርሃን የሚሰበስብ መስተዋት፣ ማለት ሌንስ አላት። በመካከል እንደ ዓይን ቆብ የሚከፈትና የሚዘጋ መዝጊያ አለ፤ ከኋላ ደግሞ ብርሃኑን የሚቀበል ፊልም አለ። መዝጊያው ከስስ ብረት ወይም ከጥቁር ጨርቅ የተሠራ ሆኖ በሞላና በጥቃቅን ጥርሶች ይንቀሳቀሳል። በአንዳንዶቹ መኪናዎች ከአንድ ሴኮንድ ሺህ እጅ አንዱን ለሚያህል ጊዜ ብቻ ተከፍቶ ይዘጋል። እንግዲህ በጥርሶቹ ላይ ያለው ዘይት በዕድሜ ብዛት ሲረጋ እንደ ሙጫ ይይዘዋል። ጨርቁ ሲያረጅ በመርፌ የተወጋ ያህል ይበሳና በፎቶግራፉ ላይ ነጠብጣብ ያሳያል። እንደኛ ባለ ክረምቱ ረዥም በሆነ ደጋ አገር ደግሞ፣ በማኅደሯ ውስጥ ተዘግታ የምትቀመጥ መኪና እርጥበት ስለሚገባት በሌንሱ ላይ ሻጋታ እንደ ሸረሪት ድር ይዘረጋል። አዳሹ ይህን ሁሉ በካቻቢቴና በወረንጦ ፈትቶ፣ አጥቦ፣ ከመርፌ ጫፍ የማይበልጥ ዘይት ጠብ አድርጎ፣ እያንዳንዷን ብሎን ወደ ቦታዋ ይመልሳል። አንዲት ብሎን ብትተርፈው ሥራው ሁሉ ከንቱ ነው። ስለዚህ ይህ ሙያ ከእጅ ጥበብ ሌላ ትዕግሥትንና እውነተኛነትን ይጠይቃል።

በዚህ ሙያ ስማቸው በዓለም ከታወቀው ሰዎች አንዱ ሚስተር ማርቲ ፎርሸር የተባሉት አሜሪካዊ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1921 ተወልደው፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በአሜሪካ ባሕር ኃይል ውስጥ፣ ኤድዋርድ ስታይከን በተባሉት ታላቅ ፎቶግራፍ አንሺ ሥር አገለገሉ። ጦርነቱ ካበቃ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1946 በኒውዮርክ ከተማ የማደሻ ቤት ከፈቱ። ከዚያም ከ40 ዓመት በላይ፣ ማለት እስከ 1987 ድረስ፣ ከጦር ሜዳና ከሩቅ አገር የተመለሱ የጋዜጣ ፎቶግራፍ አንሺዎች ጭቃ የጠጣ፣ አሸዋ የገባበትና የተሰበረ መኪናቸውን ይዘው ወደ እሳቸው ቤት ይመላለሱ ነበር። ሚስተር ፎርሸር ያልነበረ መሣሪያም ፈጥረዋል፤ ይኸውም ፎቶግራፍ አንሺው ፊልሙ እስኪታጠብ ሳይጠብቅ የሥራውን ናሙና ወዲያው እንዲያይ የሚያስችለው፣ ከመኪናው ጀርባ የሚገጠመው ዕቃ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 በ87 ዓመታቸው ሲያርፉ፣ ታላላቅ ጋዜጦች እንደ አንድ ታላቅ ሰው ዜና ዕረፍታቸውን አወጡ።

እኛን ከሁሉ ይልቅ የነካን ግን ሌላ ሥራቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ዓመታት በአሜሪካ ደቡብ ያሉ ጥቁር ሕዝቦች የመምረጥ መብታቸውን ለማግኘት ሲታገሉ፣ ሚስተር ፎርሸር ያገለገሉ የፎቶግራፍ መኪናዎችን ከሰዎች እየሰበሰቡ፣ እያደሱ፣ ለመብት ታጋዮቹ ይልኩ ነበር። እሳቸው በዚያ መንገድ ላይ አልተሰለፉም ይሆናል፤ ያደሷቸው መኪናዎች ግን የተደረገውን ግፍ አይተው መሰከሩ።

የፎቶግራፍ ምስክርነት ምን ያህል እንደሚጠቅም ኢትዮጵያውያን ከማንም የበለጠ እናውቃለን። በ1929 ዓ.ም. የካቲት 12 ቀንና ከዚያ በኋላ በአዲስ አበባ ሕዝብ ላይ የተፈጸመውን ግፍ ካስረዱት ማስረጃዎች መካከል፣ የኢጣልያ ወታደሮች ራሳቸው ያነሧቸው ፎቶግራፎች ይገኙባቸዋል። መንግሥታችንም ከነጻነት በኋላ ስለ ጦር ወንጀል ባሳተማቸው መጻሕፍት ውስጥ ፎቶግራፎችን አውጥቷል። ቃል ቢካድ ፎቶግራፍ በቀላሉ አይካድም። ነገር ግን ምስክሩ ዓይኑ የጠፋ እንደሆነ ምን ያያል? የአዳሹ ክብር እንግዲህ ለምስክሩ ዓይን ማብራቱ ላይ ነው።

ይህ ከሆነ፣ አዳሽ በአገራችን ስለ ምን ሳይከበር ይኖራል? ይህ ጥያቄ ከባድ ስለሆነ በግልጽ እንናገረው። በአገራችን ብረት የሚቀጠቅጠውን፣ ሸክላ የምትሠራውን፣ ቆዳ የሚፍቀውን መስደብ የቆየ በሽታ ነው። ዐፄ ምኒልክ ይህን በሽታ ስላዩ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው እንዳይሰድቡት አዋጅ አስነገሩ። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል። ዛሬ ስድቡ ቀርቷል እንበል፤ ንቀቱ ግን ቀርቷልን? እኛ ራሳችን ከክፍላችን ውስጥ «ስትጨርስ ምን ትሆናለህ?» ተብሎ ሲጠየቅ «አዳሽ እሆናለሁ» ብሎ በድፍረት የመለሰ አንድም ተማሪ አልሰማንም። ሽማግሌው «የጠየቀው አልነበረም» ያሉት እኛን ጭምር ነው። ሙያው የሞተው ሰውየው ስለ ሞተ ብቻ ሳይሆን፣ እኛም ሄደን ከአጠገቡ ስላልተቀመጥን ነው።

ኦስካር ባርናክ የተባለው ጀርመናዊ በሙያው መካኒክ ነበር። በሕመም ምክንያት ከባዱን የፎቶግራፍ መኪና ተሸክሞ ተራራ ለመውጣት ስላልቻለ፣ በኪስ የምትያዝ ትንሽ መኪና ሠራ። እሷም ላይካ ተብላ እ.ኤ.አ. በ1925 በላይፕሲግ ትርኢት ለዓለም ቀረበች። 24 በ36 ሚሊ ሜትር የሆነው የፊልሟ ልክ የዓለም ሁሉ ልክ ለመሆን በቃ። እንግዲህ በካቻቢቴ የሚሠራ እጅ የዓለምን የማየት ዘዴ ሊለውጥ ይችላል።

ምናልባት «ዛሬ ስልክ ያለው ሁሉ ፎቶግራፍ አንሺ ነው፤ አሮጌ መኪና ማደስ ምን ይጠቅማል?» የሚል ይኖራል። ይህ ጥያቄ ዋዛ አይደለም። የስልክ ፎቶግራፍ ፈጣንና ርካሽ ነው፤ እኛም በየቀኑ እናነሣበታለን። ዳሩ ግን ከስልካችን ጋር ስንት ፎቶግራፍ ጠፋብን? የአያቶቻችን ፎቶግራፍ ግን በሣጥን ውስጥ ሆኖ ደርግንም፣ ስደትንም፣ ክረምትንም አልፎ ለእኛ ደርሷል። ደግሞም የማደስ ትምህርት ለአንዲት መኪና ብቻ የሚሆን አይደለም፤ የተሰበረውን ከመጣል በፊት ፈትቶ ማየትን የለመደ ሰው፣ ሬዲዮንም፣ የውኃ መሳቢያ ሞተርንም፣ የሐኪም ቤት መሣሪያንም ለማዳን ይበቃል። ባዕድ አገር ሠርቶ የሚሸጥልንን ዕቃ ማደስ ካልቻልን ለዘለዓለም ገዢ ሆነን እንቀራለን።

አሁን ወደ ጀመርነው ነገር እንመለስ። ሽማግሌው ሰዓት አዳሽ መኪናይቱን ከመለሱልን በኋላ ገና ከደጃቸው ሳንርቅ ጠሩን። «እኔ ሰዓት እንጂ ይህን አላውቅም፤ ሆኖም ሞላ ሞላ ነው፣ ጥርስም ጥርስ ነው። ሁለታችሁ እየመጣችሁ ከአጠገቤ የምትቀመጡ ከሆነ እከፍታታለሁ» አሉን። ሦስት ቅዳሜ ሄድን። እያንዳንዷን ብሎን በወረቀት ላይ በተራዋ ደረደርን፤ ሥዕሏንም ሣልን። በሦስተኛው ቅዳሜ ወደ ማታ መዝጊያው ተከፍቶ ሲዘጋ የሰማነው ድምፅ እስከ ዛሬ ከጆሯችን አልጠፋም። ሙሉ በሙሉ አልዳነችም፤ ቀስ ብሎ የሚከፈተው ፍጥነቷ እስካሁን እንደታመመ ነው። ለፀሐይ ብርሃን ግን ትበቃለች። ዋጋቸውን ስንጠይቃቸው ሽማግሌው፣ «ዋጋዬ ያያችሁትን ለሌላ እንድታሳዩልኝ ነው» አሉን።

በዚህ መጽሔት የወጣው የክፍላችን ፎቶግራፍ በዚህችው መኪና የተነሣ ነው። በግራ በኩል ያሉት ጓደኞቻችን ትንሽ ደብዝዘዋል፤ ይቅርታ እንዲያደርጉልን እንለምናለን። የብሎኖቹን ሥዕል ግን በንጹሕ ወረቀት ገልብጠን ለትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት ሰጥተናል።

ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ተማሪዎች ሆይ፤ ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል። ስማቸው ያልተጻፈላቸው ሰዎች ሥራም እንዲሁ ከመቃብር በላይ ሊውል ይገባዋል። በየሰፈራችሁ አንድ ነገር የሚያውቅ ሽማግሌ ወይም አሮጊት አይታጡም፤ ሰዓትም ቢሆን፣ ሸማም ቢሆን፣ በገናም ቢሆን። እነሱ ሳያልፉ ሄዳችሁ ከአጠገባቸው ተቀመጡ፤ ጠይቁ። ወላጆቻችንም ልጃችሁ ካቻቢቴ ይዞ ቢመጣ እንዳትቆጡት እንለምናለን።

የማናውቀውን ያን የደብረ ማርቆስ አዳሽ እግዚአብሔር ነፍሱን ይማር። መምህር አጥቶ ሳይሆን ተማሪ አጥቶ የጠፋው ሙያው፣ እነሆ ዛሬ ሁለት ጀማሪ ተማሪዎች አግኝቷል።